የሃምሳ አለቃው አምስት መስመር

ሃምሳ አለቃው የእንጨት ማስመሪያውን በግራ እጁ ጫን አድርጎ ይዞ መስመር ያሰምራል። እርሳሱን በምላጭ አሹሎታል፤ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጥኗል። ፊቱ በተዘረጋው ቅጽ ላይ “የተነጋገሩበት ጉዳይ ባጭሩ” ከሚለው ርእስ ሥር ማተሚያ ቤቱ አምስት መስመር ብቻ አስፍሯል። ሃምሳ አለቃው እያንዳንዱን መስመር መሐል ለመሐል እየከፈለ አምስቱን አሥር ያደርጋቸዋል። አንዱን ቅጽ ሲጨርስ ማስመሪያውን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ የእርሳሱን ብናኝ በትንሿ ጣቱ ጠርዝ ጠረግ ያደርጋል፤ እፍ ይልበታል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ ፖሊሶች ሻያቸውን ሲጠጡ፣ እሱ ለቀኑ የሚበቃውን አሥራ አምስት ቅጽ እንዲህ አሰናድቶ ነው ወደ መንገዱ የሚወጣው።

“ደራሲያችን ዛሬም እርሻ ላይ ነው” አለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ኮቷን ወንበሯ ላይ እያንጠለጠለች። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ስለሠሩ ማፍሩን ትታዋለች። “ይኼን ሁሉ አርሰህ ምን ልትዘራበት ነው?”

“ሰው ነዋ” አላት፣ ቀና ሳይል።

ደራሲው ብለው ስም ያወጡለት የጣቢያው ፖሊሶች ናቸው። ሰውዬው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያገለግል እንደ ሌሎቹ አጭር ነገር ጽፎ አያውቅም። አዲሱ ቅጽ ከመምጣቱ በፊት ፖሊስ ሁሉ የደረት ኪሱ ውስጥ የምትገባ ማስታወሻ ደብተር ነበረችው፤ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የተነጋገረውን እዚያች ላይ ይጽፋል። የሌሎቹ ደብተር “በመንገዴ ላይ ሁሉም ሰላም ነው” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጥር እስከ ጥር ትበቃዋለች። የሃምሳ አለቃው ደብተር ግን በየሦስት ሳምንቱ ያልቃል። አንዲት ሴት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አድራሻ ከጠየቀችው፣ የጠየቀችውን አድራሻ ብቻ ጽፎ አይተዋትም፤ አረንጓዴ ሻርፗ በአንድ ጎኑ መተርተሩን፣ የያዘችው ዘንቢል ውስጥ የልጅ ጫማ አንድ እግር ብቻ መኖሩን፣ ስታመሰግነውም ወደ ቀኝ ሂጂ ካላት በኋላ ወደ ግራ መሄዷን ይጽፋል። ከዚያም ተከትሎ ወደ ቀኝ እንደመለሳት።

ቀጭንና ረጅም ነው። አመልካች ጣቱ ላይ ያለው የቀለም ነጠብጣብ በሳሙና አይለቅም፤ እሱም ከታገለው ቆይቷል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ በመሆኗ የደንብ ልብሱን ሱሪ በጎን በኩል ፈትታ፣ ማስመሪያው ልክ የሚገባበት ጠባብና ረጅም ኪስ ሠርታለታለች። ሲቀመጥ አንዳንዴ ጭኑን ይወጋዋል፤ ቢሆንም ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም።

አዲሱን ቅጽ ያመጣችው አዲሷ የጣቢያው አዛዥ ናት። ኢንስፔክተሯ ወጣት ናት፤ ከሃምሳ አለቃው የመጀመሪያ ልጅ ብዙም አትበልጥም። ሰዎች “ፖሊስ አስቁሞ ያናግረናል፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም” እያሉ ሲያማርሩ ሰምታ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ከማንም ሰው ጋር የሚደረግ ንግግር ሁሉ በቅጽ ይሞላል አለች። ቅጹ ሦስት ቅጠል ነው፤ በመሐሉ ካርቦን ይገባል። ነጩ ለመዝገብ ቤት ይሄዳል፣ ቢጫው ጥራዙ ላይ ይቀራል፣ ሮዙ እዚያው መንገድ ላይ ተገንጥሎ ለተነጋገረው ሰው ይሰጣል። ሌሎቹ ፖሊሶች ሥራ በዛብን ብለው አጉረመረሙ። ሃምሳ አለቃው ግን ያን ቀን ማታ ለባለቤቱ ሲነግራት ድምፁ እንደ ሙሽራ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጻፈውን ያነበበለት ሰው አልነበረም፤ አሁን ስለ ሰውየው የጻፈውን ሰውየው ራሱ ሊያነብለት ነው።

ግን ነጩን ቅጠል ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገባው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናት። የሃምሳ አለቃውን ነጭ ቅጠሎች ስታይ ከምሳ በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። አሥሩ መስመር አልበቃ ሲለው በኅዳጉ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ይዞርና በሌላኛው ዳር ይወርዳል። እሷም ቅጠሉን እንደ መኪና መሪ እያሽከረከረች ታነባለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከአምስት መስመር በላይ አልቀበልም ብሎ ይጮኻል። ሰባቱን ፖሊሶች በግማሽ ቀን ትጨርሳቸዋለች፤ እሱን ብቻ በሳምንትም አትጨርሰው። በመጨረሻ ለኢንስፔክተሯ ተናገረች።

መስመር እያሰመረ የነበረ ጊዜ ነው እንግዲህ የተጠራው።

ኢንስፔክተሯ አንድ ነጭ ቅጠል ይዛ ጠበቀችው። እንዲቀመጥ ጋበዘችው፤ ከማስመሪያው የተነሣ ዘወር ብሎ ተቀመጠ።

“‘ጋሪው የሚገፋ ነው፤ የቀኝ ጎማው ይጮኻል፤ ጩኸቱ የራባት ድመት ይመስላል’” ብላ አነበበች። “ይኼ ምንድነው ሃምሳ አለቃ?”

“ጎማው ነው ኢንስፔክተር። ቅባት እንዲያደርግለት መክሬዋለሁ፤ ከዳር በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ላይ አለ።”

ቅጠሉን አዙራ ከዳር በኩል ያለውን አየች። ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ መሳቅ የአዛዥ ወጉ አይደለም። ከዚያም በለዘበ ድምፅ፣ ግን ቁርጡን ነገረችው። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እንደ ሰው በአምስት መስመር መጨረስ ካልቻለ ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ መጋዘን ይዛወራል። መስመር መክፈል ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ ማስመሪያውም ቤት ይቀመጥ።

“እዚያ ስለ ብስክሌት ይጽፋሉ” አለችው። “ብስክሌት ደግሞ ብዙ አያወራም።”

መጋዘኑ ከጣቢያው ጀርባ ነው። አንዲት ሽቦ የተገጠመላት መስኮት አለችው። ባለቤት ያጡ ጃንጥላዎች፣ ጎማቸው የወለቀ ብስክሌቶች፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አሉ፤ ሰዓቱም ቆሟል። ሃምሳ አለቃው ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ነው የቀረው። አሥራ አንድ ዓመት የዞረባት መንገድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ድንጋዩ ድልድይ ያለችው፣ ስምንት ወር እንድትሰጠው ብቻ ነው የሚፈልገው። ሹመት ጠይቆ አያውቅም፤ መንገዷን ግን አደራ።

በዚያች መንገድ ላይ ሁለት ደንበኞች አሉት። አንደኛው ጫማ ሰፊው ነው፤ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ቁም ሣጥን የምታክል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። ከሃምሳ አለቃው የተሰጡትን ሮዝ ቅጠሎች በጫማ ማስቲሽ ግድግዳው ላይ ለጥፏቸዋል፤ ሰው ጫማው እስኪጠገን ቆሞ ያነባቸዋል። ሁለተኛዋ ሙዝ ሻጯ ናት። እሷ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ጫማ ሰፊው ያነብላታል፤ ከሰማች በኋላ “እስቲ ያችን ስለ ሚዛኔ የጻፉትን ድገማት” ትለዋለች።

ከሁለቱ በተጨማሪ አንዲት ሦስተኛ ደንበኛ አለችው፤ የገዛ ባለቤቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቱ የሰፋችውን ልብስ ለደንበኞቿ ስታደርስ በዚያች መንገድ ታልፋለች። አንድ ቀን አስቆመችው። ለአንዲት መምህርት የምትሰፋው ሰማያዊ ቀሚስ ዚፕ ብቻ ቀርቶታል፤ ወደ ቤት ሲመለስ ከድልድዩ አጠገብ ካለው የክር ሱቅ ጥቁር ሰማያዊ ዚፕ፣ ሲሰፋ የማይታየውን ዓይነት፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ የሚሆን እንዲያመጣላት ነገረችው። እሺ አላትና ጥራዙን አወጣ። ካርቦኑን አስተካከለ።

“ምን ልታደርግ ነው?” አለችው።

“መሙላት አለብኝ እሜቴ። መመሪያው ‘ከማንም ሰው ጋር’ ነው የሚለው።”

“እኔ ማንም ነኝ?”

 ጋሪ ገፊውን መዝግቦ የራሱን ሚስት ካለፋት ለጋሪ ገፊው ምን ብሎ ያስረዳል? ሞላውና ሮዙን ገንጥሎ ሰጣት። መንገድ ዳር ቆማ አነበበችው። “ዕድሜዋ ሃምሳ አራት የሆነ ልብስ ሰፊ፣ በቀኝ የመሐል ጣቷ ላይ የስፌት ቆቧን ሳታወልቅ የወጣች፣ ከመቸኮሏ የተነሣ ይመስላል” ይላል። ከታች፣ “የተወሰደ እርምጃ” ከሚለው አጠገብ፣ “ፖሊሱ ዚፑን እንደሚያመጣ ቃል ገብቷል” ይላል። ፊርማና የመለያ ቁጥርም አለበት።

“አርባ ዘጠኝ ብትል ምን ይጎድልብሃል?” አለችው።

“የመንግሥት ሰነድ ነው እሜቴ።”

ዚፑን ረሳው። ሦስት ቀን ቆይታ እንደገና አስቆመችው፤ እንደገና ሞላ፣ እንደገና ቃል ገባ፣ እንደገና ረሳ። ሰው አድራሻ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይጽፋል፣ የክር ሱቁ ይዘጋል። ሮዝ ቅጠሎቹን ክር በምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረቻቸው። ሰባት ሆኑ። ራሷ ሄዳ ልትገዛው ትችል ነበር፤ ሱቁ ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አሁን ግን ነገሩ የዚፕ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ማስረጃ የያዘ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቀሚሱ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ አፉን እንደከፈተ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። መምህርቷም እግዜር ይስጣት ታጋሽ ናት።

ሃምሳ አለቃው የኢንስፔክተሯን ቁርጥ ይዞ ቤት የገባ ቀን ግን ባለቤቱ ስለ ዚፑ አላነሣችበትም። ፊቱን አይታ ነገሩ የከፋ መሆኑን አወቀች። እሑድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጨርቅ ቁራጭ ሁሉ ጠርጋ፣ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ለልምምድ የጻፈውን ተቀበለችው። የጨርቁን መቀስ አላነሣችም፤ ወረቀት ያደንዘዋል። የወረቀቱን መቀስ ነው ያመጣችው።

“‘አንድ ሽማግሌ ከቡናማ ውሻቸው ጋር ሲሻገሩ’” ብላ አነበበች። “ውሻው ቡናማ መሆኑ ለመንግሥት ምን ይፈይድለታል?”

“ቡናማ ነበራ።”

“ነጭ ቢሆንስ ኖሮ?”

“ነጭ ነው ብዬ እጽፍ ነበር።”

ቡናማውን ቆረጠችው። ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀጥላ ሽማግሌው የውሻውን ገመድ በግራ እጃቸው መያዛቸውን ቆረጠች፤ ውሻው መንገዱን ከሽማግሌው የተሻለ ማወቁን ቆረጠች፤ እዚህ ላይ ሃምሳ አለቃው አልቻለም፣ ዘወር ብሎ በመስኮት ማየት ጀመረ። ስትጨርስ እጇ ላይ የቀረው ጣት የምታህል ብጣሽ ነች። “ሽማግሌ። መንገድ አሻገርኩ።” ይላል። ሁለቱም አዩት። አምስት መስመር ቀርቶ አንድ መስመርም አልሞላም።

“ይኸው” አለች፣ እንደ ማጽናናት ብላ። “ስምንት ወር ነው። ይቻላል።”

ሰኞ ጀመረ። ሃምሳ አለቃው የያዘውን ነገር ግማሽ አድርጎ መተው አያውቅበትም፤ ሲያስረዝም እንዳበዛው ሁሉ ሲያሳጥርም አበዛው። በመጀመሪያው ቀን በአምስት መስመር ገባ፤ በሦስተኛው ቀን በሁለት፤ በሳምንቱ በሦስት ቃል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነጭ ቅጠሎቹን ስታይ “ደራሲው ዳነ” ብላ ለጣቢያው ሁሉ ሻይ አፈላች። ራስ ምታቷም ተዋት።

ጫማ ሰፊው ግን አዲሱን ሮዝ ቅጠል ተቀብሎ አነበበው። “ጫማ ሰፊ። ሰላምታ። ምንም።” ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ቀሪው እዚያ ይኖር ይሆናል ብሎ። ባዶ ነው። ማስቲሹን ሊከፍት የነበረውን መልሶ ከደነው፤ አልለጠፈውም። በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ሲያልፍ ቀና ብሎ ሰላም አለውና ወደ ጫማው ተመለሰ፤ ወትሮ ያለ ቀልድ አያሳልፈውም ነበር። ሙዝ ሻጯ ደግሞ የሷን ተቀብላ ስታስነብብ ከመጀመሯ አለቀባት። “ምነው አባባ፣ አመመዎት እንዴ?” አለችው ሲመለስ። ደህና ነኝ አላት፤ እሷ ግን አላመነችውም።

ቤትም እንደዚያው ሆነ። ወትሮ እራት ላይ የማያልቅ ወሬ ነበረው፤ አሁን ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይበላል፣ ጣቱን ያያል። የቀለሙ ነጠብጣብ እየደበዘዘ ነው። በዚያ ሳምንት ባለቤቱ ስለ ዚፑ መንገድ ላይ ብታስቆመው የሰጣት ስምንተኛ ቅጠል እንዲህ ይላል፤ “ሴት። ዚፕ። እሺ።”

ያን ቀን ማታ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት።

“ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ‘ሴት’?” አለችው።

“አንቺው ነሽ የቆረጥሽው እሜቴ።”

“ውሻውን ነው እንጂ እኔን ቁረጥ አላልኩህም።”

የወሩ መጨረሻ ዓርብ ላይ ዋለ። ኢንስፔክተሯ ሃምሳ አለቃውን በመንገዱ ላይ የሚያቆየውን ደብዳቤ አስጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣለች፤ የቀረው ፊርማ ነው። እሱም ይኼን ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰምቷል። ከምሳ መልስ ደስ ብሎት፣ ቆቡን አስተካክሎ ሲገባ ግን የባለጉዳዮቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ተደርድረው አየ። ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንዳደረገ ነው። ሙዝ ሻጯ ሚዛኗን የሚሰርቅባት ሰው ፈርታ ይዛው መጥታለች። በመጨረሻ ባለቤቱ፣ የብስኩት ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጫማዋን ልታስጠግን ሄዳ፣ ሁለቱ ሲመካከሩ ሰምታ አብራ የወጣች ናት።

“ምን ልትሠሩ መጣችሁ?” አላቸው በሹክሹክታ።

“ልንከስዎት” አለች ሙዝ ሻጯ፣ ፈገግ ብላ።

ሃምሳ አለቃው ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን ማስታወቂያ አየ። ማስታወቂያው የኢንስፔክተሯ ነው፤ “ቅሬታ የቀረበበት ፖሊስ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከመንገድ ሥራ ይነሣል” ይላል። ማጣራት ደግሞ ስንት ወር እንደሚፈጅ ሁሉም ፖሊስ ያውቀዋል፤ ከስምንት አያንስም። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ አንድም ሰው ከሶት አያውቅም። ልክ መንገዷ በእጁ ልትገባ ስትል፣ የመንገዷ ሰዎች ራሳቸው ሊነጥቁት ነው። ይኼን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሯ ከቢሮዋ ወጣች፤ ቅሬታ አቅራቢን ፖሊሱ ማናገር ክልክል ነውና አፉን መልሶ ዘጋ። በሩ አጠገብ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ የቅሬታ ቅጽ አውጥታ አግዳሚው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቅሬታው ቅጽም ከዚያው ማተሚያ ቤት የመጣ ነው፤ አምስት መስመር አለው። መጀመሪያ ጫማ ሰፊውን ጠየቀችው።

“እኔ እዚያች ሣጥን ውስጥ ስቀመጥ ሰው ሁሉ የሚያየው ጫማውን ነው” አለ ጫማ ሰፊው፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። “እሳቸው ግን አንድ ቀን ‘ዛሬ ጺሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ሥር ቆርጦታል’ ብለው ጻፉልኝ። ሚስቴ እንኳ አላየችውም ነበር፤ ቅጠሉን ካሳየኋት በኋላ ነው ያየችው። አሁን ‘ምንም’ ነው የሚሉኝ። ምን አጠፋሁ? ተቀይመውኝ ከሆነ ይንገሩኝ።”

ኢንስፔክተሯ ትጽፋለች። ሣጥኗን ጻፈች፤ የማስቲሹን ግድግዳ ጻፈች፤ አገጩ ላይ ስትደርስ አምስተኛው መስመር አለቀ። ጫማ ሰፊው ግን ገና መሟሟቁ ነበር፤ ከአገጩ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ አማቱ አለፈ። ኢንስፔክተሯ በኅዳጉ ላይ ጀመረች፤ እስክሪብቶዋ ቦታ አጣ። ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች።

“ማስመሪያ ያለው ሰው አለ?”

 የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሳል ያዛት። ሃምሳ አለቃው ለሁለት ሳምንት ቤት ተቀምጧል የተባለውን ማስመሪያ ከሱሪው ጎን ቀስ አድርጎ መዝዞ አቀበላት። ተቀበለችው። የሞላውን ልትገለብጥበት ሌላ ቅጽ አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር መሐል ለመሐል ከፈለች፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ማስመሪያውን አየች፣ ሃምሳ አለቃውን አየች፣ ቅጹን አየች። ወደ ላይ የሚወጣውን የራሷን ጽሑፍ ለማንበብ የሞላውን ቅጽ ልታዞረው ጀምራ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሳቋ አመለጣት። አንዴ ካመለጠ በኋላ አዛዥነቷ ሊመልሰው አልቻለም።

ዓይኗን ጠርጋ ስትረጋጋ፣ ሃምሳ አለቃው ያለ ምክንያት አስቁሟችሁ፣ ተቆጥቷችሁ ወይም በድሏችሁ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

“ኧረ አልበደሉንም” አለች ሙዝ ሻጯ። “አሳጠሩን እንጂ።”

“ይኼ ቅሬታ አይባልም” አለች ኢንስፔክተሯ። “ምን እንደሚባል ግን እኔም አላውቅም፤ በቅጹም ላይ ቦታ የለውም።” ቅጹን ሁለት ቦታ ቀድዳ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ አንድ ሮዝ ቅጠል አንሥታ ለሃምሳ አለቃው ጀርባውን አሳየችው። ጀርባው ባዶ ነው፤ ስለ ጀርባው መመሪያው ምንም አይልም። የፊቱ አምስት መስመር ለመንግሥትና ለኮምፒውተሩ ነው፤ ከዚያ አንዲት ቃል እንዳታልፍ። የሮዙ ጀርባ ለሰውየው ነው፤ እዚያ ላይ እንደፈለገው ያርሰው። ደብዳቤውን አምጥታ እዚያው አግዳሚው ላይ ፈረመችበት፤ ማስመሪያውንም መለሰችለት።

ሃምሳ አለቃው አመሰገነ፤ ድምፁ እንደገና እንደ ሙሽራ ነው።

የቀረችው ባለቤቱ ናት። ኢንስፔክተሯ የእርሷስ ጉዳይ ምንድነው አለቻት። ባለቤቱ ሰው ፊት ዓይን አፋር ናት። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍታ ስምንቱን ሮዝ ቅጠሎች በየቀናቸው ደርድራ አቀበለቻት። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አነበበች። ሰባት ጊዜ ቃል ተገብቷል፤ ሰባት ፊርማ፤ ሰባት የመለያ ቁጥር፤ ስምንተኛው “እሺ” ይላል።

“ሃምሳ አለቃ፣ ይኼ ዚፕ መጣ?”

“በክትትል ላይ ነው ኢንስፔክተር።”

“ዛሬ ይምጣ” አለች። “ትእዛዝ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ የማይታየው፣ አንድ ክንድ።” ባለቤቱን ቀስ ብላ ወደ በሩ ሸኘቻት፤ ባለቤቱም ቀሚሱን ልታሰናዳ፣ መርፌ ላይ ክር አስገብታ ልትጠብቀው ወደ ቤቷ ሄደች።

የክር ሱቁ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሃምሳ አለቃው ከጣቢያው የወጣው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ወደ ሱቁ ደግሞ የሩብ ሰዓት መንገድ ናት፤ በዝግታ ለሚሄድ ሰው እንኳ። ነገር ግን ጫማ ሰፊው ቀድሞት ሄዶ ማስቲሹን ከፍቶ ጠበቀው። እዳ ነው፤ ሳምንት ሙሉ “ምንም” ሲባል የኖረ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃው ቆሞ፣ የፊቱን በአምስት መስመር ጨርሶ፣ ቅጠሉን ገለበጠ፤ ማስመሪያውን አወጣ። ጀርባው ሰፊ ነው። አሥራ ስምንት መስመር አወጣለት። ስለ ሽርጡ ጻፈ፤ ስለ አማቱም የሰማውን ጨመረ። ሙዝ ሻጯ ተራዋን ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ የሷ ሃያ አንድ መስመር ፈጀ፤ ሚዛኗን ይዛ አግዳሚው ላይ መቀመጧ ብቻ አራት ወሰደ። ጫማ ሰፊው ጮክ ብሎ ሲያነብላት፣ “ድገማት” አለች፤ ደገማት። ሃምሳ አለቃውም እርማት ካለ ብሎ እስከ መጨረሻው ቆሞ አዳመጠ።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ የክር ሱቁ ተዘግቶ ነበር። የብረት መዝጊያው እስከ ታች ወርዷል። በመዝጊያው ቀዳዳ ዓይኑን አስጠግቶ ቢያይ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ዚፖች በየቀለማቸው ይታዩታል፤ ጥቁር ሰማያዊው ከቀኝ ሦስተኛው ነው።

ሃምሳ አለቃው ትንሽ ቆመ። የሥራ ሰዓቱ ሊያልቅ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። የድልድዩ ግንብ ላይ ተቀመጠ፤ ማስመሪያው እንዳይወጋው ዘወር ብሎ። አንድ ሮዝ ቅጠል ገንጥሎ በጀርባው በኩል ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። መስመር አሰመረ። ስለ መዝጊያው ጻፈ፤ ቀለሙ ከታች በኩል እንደተላጠና ቁልፉ አዲስ፣ ማንጠልጠያው ግን አሮጌ መሆኑን ጻፈ፤ ዚፑ ከቀኝ ሦስተኛው ላይ በደህና መኖሩን መሰከረ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ፣ ባዶ የተወውን የመጀመሪያውን መስመር አየ። እርሳሱን ላስ አደረገ። የፊቱ የመንግሥት ነው፤ ጀርባው ግን አይደለም ተብሏል።

“ይድረስ” ብሎ ጻፈ፣ “ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ለሆነ ልብስ ሰፊ።”